ስልክ ላናግር ብዬ የወጣሁባቸው ቀናት

ከጥርስ ሐኪም ቤት ሦስት ጊዜ ሸሽቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ዘዴ ነው። ካርድ አወጣለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ከዛ ከውስጥ ያቺ ዚዚዚ የምትል ነገር ስትጀምር ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ጆሮዬ ላይ እለጥፍና "ሄሎ? ሄሎ፣ አይሰማም፣ ቆይ ልውጣ" እያልኩ በደረጃው ቁልቁል። ማንም አልደወለም። የካርዱ ብር በዛው ቀረ። አንዴማ ታክሲ ውስጥ ገብቼም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ነበር፣ ረዳቱ "ሒሳብ" ሲለኝ ነው ያወረድኩት።

37 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ሆኜ አውቃለሁ፣ ደም ሲቀዱኝ መርፌው ሲገባ አያለሁ እንጂ ፊቴን አላዞርም። ጥርስ ላይ ሲመጣ ግን በቃ ሌላ ሰው ነኝ። እና ለብዙ ዓመት ይሄን ነገር ለማንም አልነገርኩም፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ትልቅ ሰው ጥርስ ሐኪም ፈራሁ ሲል ሰው የሚሰጠው መልስ ሳቅ ነው። ወይ ደግሞ "ሴቶች እንኳን በምጥ..." ብለው ይጀምሩልሃል።

ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ያደግኩት መተሐራ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ እያለ አንዱ መንጋጋ ጥርሴ ተበላሽቶ ጉንጬ አብጦ አንድ ዓይኔ ሊጨፈን ደረሰ። አባቴ አዳማ (ያኔ ናዝሬት ነው የምንላት) አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። አውቶብስ ውስጥ "አይነቅሉህም፣ አይተውት ብቻ ነው የምንመለሰው፣ ከዛ ሚሪንዳ እገዛልሃለሁ" አለኝ። ጥርሱ ለተበላሸ ልጅ ሚሪንዳ! አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን አመንኩት፣ እንዲያውም መንገዱን በሙሉ ሚሪንዳውን እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

ወጉኝ። ትንሽ ቆይተው ጉጠቱን አስገቡት። አልደነዘዘም ነበር። አባቴ እግሬን ያዘ፣ ሌላ ሰው ጭንቅላቴን ያዘ፣ እኔ እያመመኝ ነው ልል እሞክራለሁ፣ አፌ ውስጥ ግን የሰው እጅ አለ፣ የሚወጣው "ኧኧኧ" ብቻ ነው፣ እነሱ ደግሞ "ጎበዝ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ አለቀ አለቀ" ይላሉ፣ አላለቀም። ስንወጣ ሚሪንዳው ተገዛ። በደነዘዘ ከንፈሬ እየተንጠባጠበ ሸሚዜን አበላሸው። መደንዘዙ የመጣው ከተነቀለ በኋላ ነበር ማለት ነው፣ ይሄን ልብ በሉ፣ እመለስበታለሁ።

ህመሙን ዛሬ አላስታውሰውም። እውነቴን ነው። ሰውነት ህመምን ይረሳል። የማስታውሰው ያን "ኧኧኧ" ነው። እየተናገርኩ የሚሰማኝ ሰው አለመኖሩን። አባቴን አልወቅሰውም፣ ነፍሱን ይማረው፣ እሱም ባወቀው ነው የረዳኝ፣ ግን "አይነቅሉህም" ያላት ነገር ከጥርሱ በላይ ዘልቃ ቀረች።

በዛ ላይ የጥርሴ መልክ አለ። የመተሐራ፣ የወንጂ፣ የዝዋይ ልጅ የሆነ ሰው ምን እንደምል ገብቶታል። ቡኒ ነው። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከእሳተ ገሞራው አለት ፍሎራይድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይገባል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር አይብለጥ ይላል፣ እኛ ጋር ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዛ እጅግ የበለጠ አላቸው። ልጅ እያለህ፣ ቋሚ ጥርስህ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ፣ ያን ውሃ ከጠጣህ ጥርስህ ቡኒ ሆኖ ይበቅላል። መፋቂያ አያስለቅቀውም፣ ሳሙና አያስለቅቀውም፣ ታላቅ እህቴ በአመድ ሁሉ ሞክራለች። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከሰው ጋር ሄጄ አንድ ቦታ አፌን ከፈትኩና ሐኪሙ ገና ሳይመረምረኝ "አንተ ልጅ መፋቂያ የሚባል ነገር አታውቅም እንዴ?" አለ፣ አጠገቡ ያለችው ልጅ ሳቀች። እኔ በቀን ሁለቴ የምፍቅ ሰው ነኝ! ከዛ በኋላ ፍርሃቱ ላይ እፍረት ተጨመረ፣ እና እውነቱን ለመናገር እፍረቱ ይብሳል። የሠርጌ ፎቶዎች ላይ ሁሉም ላይ አፌ ዝግ ነው፣ ያየ ሰው ተገዶ የተዳረ ይመስለዋል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። በቀኝ በኩል ብቻ ማኘክ ለመድኩ። ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ በግራ በኩል እንዳይነካኝ አንገቴን አዘንብዬ መጠጣት ለመድኩ። ሲያመኝ ፋርማሲ ሄጄ አሞክሳሲሊንና ዳይክሎፌናክ እገዛለሁ፣ ልጅቷ "ማዘዣ የለህም?" ትለኛለች፣ እኔ ጉንጬን አሳያታለሁ፣ ትሰጠኛለች። በሁለት በሦስት ቀን ጋብ ይላል፣ "አየህ ዳነ" እላለሁ። አልዳነም። ኋላ ላይ ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ የጥርሱ ውስጥ ነርቭና የደም ስር ከሞተ የሚዋጠው መድኃኒት እዛ ውስጥ የሚገባበት መንገድ የለውም፣ ዙሪያውን ያበርደዋል፣ ምንጩ እዛው ቁጭ ብሏል። እኔ በየስምንት ወሩ ያልቻልኩትን እንግዳ ጉቦ እየሰጠሁ እመልስ ነበር ማለት ነው።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። አምና ዐቢይ ጾም፣ ሁዳዴ እኩሌታ ላይ፣ ቢሮ ቆሎ እየቆረጠምን አንዲት ሽምብራ ግራ መንጋጋዬን ለሁለት ከፈለችው። ቀጭ ያለውን ድምፅ አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ ሰምታዋለች፣ "ድንጋይ ነው?" አለችኝ። አዎ ድንጋይ ነው አልኳት። ከዛ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት አልተኛም። የጥርስ ህመም ሲተኙ ይብሳል፣ ደም ወደ ራስ ስለሚሄድ ነው ይባላል፣ እኔ ብቻ ሦስት ትራስ ደርድሬ ቁጭ እንዳልኩ ነበር የማድረው። ፋሲካ ደረሰ። 55 ቀን ጠብቀህ ቁርጥ ፊትህ ተቀምጦ፣ አዋዜው ሚጥሚጣው ቀርቦ፣ አንተ የዶሮውን መረቅ በማንኪያ እየጠጣህ። ሰው ሁሉ ስቴኪኒ ይዞ ጥርሱን ሲጎረጉር በቅናት ነው የማየው።

ያን ጊዜ ታናሽ እህቴ ከአሜሪካ መጥታ ነበር። ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ለምን መጣች? ለጥርስ! እዛ ያለው ዋጋ የማይቀመስ ስለሆነ በየሁለት ዓመቱ ስትመጣ ሁለት ሦስቱን ታሠራለች፣ እንደሷ የሚያደርጉ ጓደኞችም አሏት፣ ሰርግና ጥርስ አንድ ላይ ነው ፕሮግራም የሚይዙት። እና የፋሲካ ማታ ጉንጬ ማበጥ ሲጀምር አየችኝና "እኔ ውቅያኖስ አቋርጬ ነው የመጣሁት፣ አንተ ከሃያ ሁለት ቦሌ መሄድ አቅቶህ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዛ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁት፣ እፈራለሁ አልኳት። አልሳቀችም። "ታዲያ ለሷ እንደዛ በላት" አለች። "ለማን?" "ለዶክተሯ።"

ይሄ ሐሳብ በሕይወቴ መጥቶልኝ አያውቅም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ዶክተር ፊት ስንቀርብ እኮ እኛ አፋችንን ይዘን ነው። "እሺ ዶክተር፣ አዎ ዶክተር።" የት ያምሃል ስንባል እንኳ የምንናገረው ግማሹን ነው። እፈራለሁ ማለት ሥራቸውን እንደማስተጓጎል፣ እንደማስቸገር ነው የሚመስለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ፍርሃትም እዛ ውስጥ ይቆጠራል ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

እህቴ አብራኝ ሄደች። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ያ የጥርስ ክሊኒክ ሽታ፣ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ሁልጊዜ የመድኃኒት ሽታ ነው የሚመስለኝ፣ ሆዴን የሚገለብጠው እሱ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከኔ ታንሳለች። አፌን ከፈትኩ። መፋቂያ አታውቅም እንዴ የሚለውን ስጠብቅ "ያደጉት መተሐራ ነው ወንጂ?" አለችኝ። እንባዬ መጣ። ከልቤ ነው፣ እንባዬ መጣ። "ቡኒ ጥርስ ማለት የተበላሸ ጥርስ ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው፣ የሚያስቸግርዎት አንዱ ነው" አለች። ያን ጊዜ ነው "ዶክተር፣ እኔ እፈራለሁ" ያልኩት። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነው የወጣው።

"ምኑን?" አለች። ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። መርፌውን ልል ጀመርኩና አይደለም፣ "አቁሙ ማለት አለመቻሌን" አልኩ። እሺ፣ ግራ እጅህን አንሳ፣ ካነሳህ ምንም እየሠራሁ ቢሆን አቆማለሁ አለች (እዚህ ጋ አንቱታው ቀርቶ አንተ ሆነ፣ ደስ አለኝ)። ያን ቀን ምንም አልነካችኝም። ራጅ አነሳች፣ መድኃኒት አዘዘች፣ እብጠቱ ይውረድ፣ በአራተኛው ቀን ተመለስ አለች። ለምን አሁን አትጨርሺውም ስላት የነገረችኝን ነገር ነው እስከዛሬ የማሰላስለው። መግል የያዘ ቦታ አሲድነቱ ይጨምራል፣ እዛ ላይ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም። ይዘገያል፣ ወይ ጭራሽ አይይዝም።

የአዳማውን ታሪክ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ጉንጭህ አብጦ ነበር አይደል የሄድከው?" አለች። አዎ። "እንግዲህ ማደንዘዣውን ሰጥተውሃል፣ እብጠቱ ነው ያበላሸው። ግን መቆም ነበረባቸው።"

28 ዓመት ሙሉ ጨካኝ ሰዎች ናቸው ብዬ የያዝኩትን ነገር አንዲት ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሌላ አደረገችው። ጨካኞች አልነበሩም፣ ቸኩለው ነበር፣ እኔም የደረስኩት ዘግይቼ ነበር። እና የሚገርመው ከዛ በኋላ እኔው ራሴ በየጊዜው ሳያብጥ አልሄድም ብዬ፣ ያንኑ ማደንዘዣ የማይዝበትን ቀን እየጠበቅኩ ነበር። ፈርቼ እዘገያለሁ፣ ስዘገይ ያብጣል፣ ሲያብጥ አይደነዝዝም፣ ሳይደነዝዝ ያማል፣ "ይኸው፣ ልክ ነበርኩ" እላለሁ።

አራቱን ቀን ሌሊት እንቅልፍ ስለሌለ ስልኬ ላይ ስለማደንዘዣ ሳነብ አደርኩ። ሰውን ሳያመው ጥርስ ለመንቀል መላ ሲፈልጉ የነበሩት ራሳቸው የጥርስ ሐኪሞች እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ሆራስ ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1844 ታኅሣሥ ላይ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። የራሱን! በሚቀጥለው ወር ቦስተን ሄዶ ሰው ፊት ሊያሳይ ሲል ታካሚው ጮኸበት፣ ሳቁበት። ዛሬ እኛን የሚወጉን ሊዶኬይን ደግሞ በ1943 ስዊድን ውስጥ ኒልስ ሎፍግሬን የሠራው ነው፣ አብሮት የነበረው ወጣት ቤንግት ሉንድክቪስት ገላው ላይ እየወጋ ነው የሞከረው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ጉንጬን ይዤ ይሄን ሳነብ፣ ጉጠት የያዘ ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው የሚለው ነገር ትንሽ ላላ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ ምንም ሳልበላ፣ ከጭንቀት የተነሳ ነው። ተቆጣችኝ። ባዶ ሆድና ፍርሃት ሲገናኙ ነው ሰው ወንበሩ ላይ ራሱን የሚስተው አለች፣ እህቴን ልካ ዳቦና ሻይ አስመጣችልኝ፣ እዛው በልቼ ገባሁ። (ጾመኛ ከሆናችሁ ንገሯቸው፣ ሰዓቱን ያመቻቹላችኋል። እኔ ሦስተኛው ቀጠሮዬ የሰኔ ጾም ላይ ስለወደቀ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርጋልኛለች፣ በልቼ ነው የሄድኩት።)

መጀመሪያ ድዴ ላይ ቅባት ቀባች፣ ጠበቀች። ከዛ መርፌውን አታሳዪኝ አልኳት፣ አታሳይም፣ ግን እያንዳንዱን ነገር አስቀድማ ትናገራለች፣ "አሁን ቆንጠጥ ይልሃል፣ አሁን ግፊት ይሰማሃል፣ አሁን ልብህ ድው ድው ሊል ይችላል፣ መድኃኒቱ ውስጥ አድሬናሊን ስላለ ነው፣ ፍርሃት አይደለም፣ ሁለት ደቂቃ ነው።" ልቤ ድው ድው አለ። ድሮ ቢሆን ልሞት ነው ብዬ ተነስቼ እሮጥ ነበር። በጣም ቀስ ብላ ነው የምትወጋው፣ ህመሙ ከመርፌው ይልቅ ፈሳሹ በጉልበት ሲገባ ነው አሉ። ከዛ አስራ አምስት ደቂቃ ያህል ትታኝ ሄደች። ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። ጥርሱን በሆነ ነገር ነካ ነካ አድርጋ ይሰማሃል አለች፣ አይሰማም። አሁንም እንደገና ሞከረች። ያኔ ነው ድሪሉ የተነሳው።

እጄን አነሳሁ። ቆመች። "አመመህ?" አላመመኝም፣ ልሞክርሽ ብዬ ነው ማለት አፈርኩ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነሳሁ፣ ሁለቱ ለፈተና ናቸው፣ ሦስቱንም ቆመች። ከዛ በኋላ እጄ ጭኔ ላይ ተኛ። ትንፋሼን ቆጠርኩ፣ ሲወጣ ረዘም አድርጌ፣ ጆሮዬ ላይ እህቴ የሰካችልኝ መዝሙር ነበር፣ ድሪሉን አያጠፋውም ግን ሩቅ ያደርገዋል። አንዴ፣ ነርቩ የነበረበትን ስር በቀጫጭን መርፌ መሰል ነገር ስትጠርግ፣ እውነተኛ ህመም መጣ፣ ብልጭ ያለ። እጄን አነሳሁ። አቆመች፣ ጨመረችልኝ፣ ጠበቀች። ይሄ ነው ያዳነኝ ብዬ የማስበው፣ አለማመሙ ሳይሆን፣ አሞኝ ስናገር መሰማቴ።

በመጨረሻ ጊዜያዊ ሙሌት አደረገችበት። ያ ሽታ ከአፌ መጣ። ምንድነው ይሄ ሽታ አልኳት። "ዩጂኖል ነው፣ ከቅርንፉድ የሚወጣ ዘይት።"

ቅርንፉድ! አያቴ ጥርሴን ባመመኝ ቁጥር አንድ ፍሬ ቅርንፉድ "ያዘው፣ አትዋጠው" ብላ የምታስነክሰኝ፣ ነጠላዋ ሁሉ እሱን እሱን የሚል። ለካ 28 ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ሽታ የአያቴ ሽታ ነው። ይሄን ሳውቅ ፍርሃቱ በአንዴ ጠፋ ብል ውሸት ነው፣ አሁንም ደረጃውን ስወጣ መዳፌ ያልበኛል። ግን ሆዴ አይገለበጥም።

አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በጊዜው ብሄድ ሙሌት ሆኖ ያልቅ የነበረው ነገር ነርቭ ማስገደል፣ ከዛ ክራውን (ጥርሱ ላይ የሚደፋ ሽፋን) ሆነ፣ ወጪውን አልነግራችሁም፣ ባለቤቴ ይሄን ታነባለች።

የመጨረሻው ቀን ዝናብ ነበር። ተራዬን እየጠበቅኩ ፊት ለፊቴ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አለ፣ ሃምሳ የሚሆነው፣ ጃንጥላውን ጉልበቱ መሐል ይዞ። ከውስጥ ዚዚዚ ሲጀምር ስልኩን አወጣ። "ሄሎ? ሄሎ አይሰማም" አለ። የስልኩ ስክሪን ጥቁር ነበር። ወረደ። ጃንጥላው ወንበሩን ተደግፎ ቀረ።

ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም፣ ተከትየው ወረድኩ። በሩ ጋ ዝናቡን እያየ ቆሟል። "ጋሼ፣ እኔም ሦስቴ አናግሬዋለሁ ይሄን ስልክ" አልኩት። መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፣ ከዛ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

"ያማል?" አለኝ።

አፌ ላይ የመጣው "ኧረ ምንም አያምም" ነበር። አባቴ ትዝ አለኝ፣ አውቶብሱ ውስጥ።

"መርፌው ያማል፣ ትንሽ" አልኩት። "ከዛ በኋላ ካመመዎት እጅዎን ያነሳሉ፣ ትቆማለች። ግን ሳትጀምር በፊት እፈራለሁ በሏት።"

ዝናቡን ትንሽ አየ።

"ጃንጥላዬን እላይ ረስቼዋለሁ" አለና ደረጃውን ይወጣ ጀመር።